ቆጠራና አማና



በሀገራችን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ል. ነው። ተከታዩ ደጋግሞ ተራዝሟል። ስለ ቆጠራ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጠይቀው «ስንት ነን?» ብለን ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሙስሊሞች እንዲቆጠሩ ማዘዛቸውን ሑዘይፋ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሌላ በኩል ሱረቱ አት-ተካሡር በብዛት መፎካከር እንደሚያዘናጋን ታስጠነቅቀናለች።

ታዲያ መቆጠር ከፉክክር የሚለየው በምንድን ነው? በእውነት ነው። ለቆጣሪው የምንሰጠው መልስ ምስክርነት ነው። የሌለ ሰው መጨመር፣ ለሙስሊሙ ጥቅም ነው ቢባል እንኳ፣ ውሸት ነው። ያለን ሰው መደበቅም በደል ነው፦ አካል ጉዳተኛ ልጅን፣ የቤት ሠራተኛን፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነች አያትን። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚታቀደው በቁጥር ነውና፣ ሰው ሲዘለል ሐቁም አብሮ ይዘለላል።

እንግዲህ ዝግጅቱን ከቤታችን እንጀምር። ለወላጆቻችን እናስረዳ፤ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ በትክክል እንያዝ፤ ማንንም አንርሳ። አላህ (ሱ.ወ) ዘንድ ሁላችንም አንድ በአንድ የተቆጠርን ነን።

አላህ እውነተኛ መስካሪዎች ያድርገን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ!