ለራሱ የበቃ ፍጥረት አለ?

ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ስለ ዕፅዋት ደጋግሜ የምናገረው ነገር አለ፦ ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ፀሐይ፣ ውኃና አየር ካገኙ የማንንም እጅ አያዩም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ በራሱ ሕያው የሆነ አንድ እግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ እሰማለሁ። ሁለቱ ሲጋጩብኝ የኖሩ ናቸው። የሚያስታርቃቸውን ያገኘሁት ገና ካልበቀለ ተክል፣ ከዘር ውስጥ ካለው ሽል ነው።

አራቢዶፕሲስ የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም ናት። ስለ ተክል ሽል ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከእሷ ነው። የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ማይንኪ፣ ሲበላሹ ሽሉን የሚያጨነግፉ ዘረ መሎችን ለብዙ ዓመታት ሲሰበስብ ኖሯል። ከእነዚህ ውስጥ ሲሦ ያህሉ ክሎሮፕላስት በሚባለው፣ ብርሃን ተቀብሎ ምግብ በሚያዘጋጀው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ገብተው የሚሠሩ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ሆነው ተገኙ። አንዱ ሲጎድል ብዙ ጊዜ ሽሉ ገና ድቡልቡል ሳለ፣ የልብ ቅርጽ ሳይዝ፣ ባለበት ይቀራል።

አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ እናቱ ስኳር እየመገበችው ክሎሮፕላስት ምን ያደርግለታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ክሎሮፕላስት ብርሃን ከመቀበል ሌላ ብዙ ሥራ አለበት። የስብ አሲድ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ከአሚኖ አሲዶችም በርካቶቹ። ስብ ከሌለ የሕዋስ ሽፋን አይሠራም፤ ሽፋን ከሌለ ሕዋስ አይባዛም። የእናት ስኳር ብቻውን ሽል አያሳድግም።

ይህ ባለውለታ ደግሞ በመነሻው እንግዳ ነው። ሊን ማርጉሊስ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ እንደተሟገተችው፣ ክሎሮፕላስት ከቢሊዮን ዓመት በፊት ራሱን ችሎ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ነበር። ዛሬ ራሱ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች መቶ አይሞሉም፤ ሌሎቹ በሺህ የሚቆጠሩት የሕዋሱ ዋና የዘረ መል ማኅደር በሆነው በኒውክለስ ትእዛዝ ውጭ ተሠርተው ይገቡለታል። ሽሉ ያለ እሱ አይቆምም፣ እሱም ያለ ሽሉ።

የእኛ ደጋ እህል ገብስስ? አልቦስትሪያንስ የሚባለው የገብስ ዓይነት አንዳንዱ ቡቃያው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ክሎሮፕላስቱ ፕሮቲን መሥራት አቅቶታል። ሽሉ ግን አልሞተም። ምክንያቱም በገብስ የስብን ሥራ የሚያስጀምረው ኢንዛይም ሁለንተናው በኒውክለስ ትእዛዝ ይሠራል፤ በአራቢዶፕሲስ ግን አንዱ ክፍሉ ከክሎሮፕላስቱ ከራሱ ዘረ መል ይመጣል። ነጩ ቡቃያ ታዲያ የዘሩን ስንቅ እስኪጨርስ ብቻ ይኖራል።

ይህ ሁሉ እግዚአብሔር መኖሩን ያረጋግጣል አልልም፤ ማይክሮስኮፕ የዚያ ነገር ዳኛ አይደለም። ፍጥረት ለራሱ ይበቃል የሚለውን ሐሳብ ግን ይሽረዋል። የሌላውን እጅ ማየት የድኩማን ዕጣ ነው ብለን ያደግን ሰዎች፣ ጥገኝነት ከልደት በፊት የሚጀምር የፍጥረት ሁሉ ሥርዓት መሆኑን ልንቀበል ይገባናል። የሙያ ባልደረቦቼ መምህራን ሆይ፣ ክሎሮፕላስትን ስለ ብርሃን በሚናገረው ምዕራፍ ብቻ አትተዉት፤ ስለ ዘርና ስለ ሽል ስታስተምሩም አንሡት።