ፎርማት ተደርጓል

ገዢው ነገ ጠዋት ላፕቶፔን ለመውሰድ ገፈርሳ ድረስ ይመጣል። በስልክ «ፎርማት አድርገኸዋል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። አልዋሸሁም።

ማታ ግን የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሞከርኩበት። ከተመለሱት ፎቶዎች አንዱ የጎረቤታችን የእማማ መታወቂያ ነው። የፓስፖርት ፎርም ስሞላላቸው ያነሳሁት። «አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» ብለው ነበር የሰጡኝ።

ፈጣን ፎርማት ማውጫውን እንጂ ፋይሉን አያጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ይሄን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ግን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ማን ያያል? እኔና ገዢው በዋጋ ተስማምተናል፤ እማማ ግን ድርድሩ ላይ አልነበሩም። ሐቀኝነት ለጠየቀህ ሰው እውነቱን መመለስ ብቻ ቢሆን፣ እኔ ንጹህ ነበርኩ። የሚከብደው መጠየቅ እንዳለበት እንኳን ለማያውቅ ሰው ያለብህ ዕዳ ነው።

አሁን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ እየጻፍኩበት ነው። ሰዓታት ይፈጃል። ጠዋት ካላለቀ ገዢው ይጠብቃል፤ ሻይ እጋብዘዋለሁ።