የሠርጉን ቀብድ ከመክፈላችን በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደገስም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በጾም ተክሊል አትፈጽምም። ነገር ግን ሠርጉ ባይኖርም ዝግጅቱ አለ። እኛ ቆላ፣ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ልጁን የሚድር ሰው ቀብድ የሚከፍለው አሁን ነው፤ ለድንኳኑ፣ ለቪዲዮው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሙዚቃው። ስለዚህ ስለ ሠርግ ሙዚቃ መነጋገር ያለብን ዛሬ፣ በጾሙ ነው። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ምክር አይሰማም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ «ደግሞ ደስታችንን ሊከለክሉን ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ተጠርቶ ሄዷል፤ ወይኑ ባለቀ ጊዜም በእመቤታችን አማላጅነት ውኃውን ወይን አድርጎ ባለ ሠርጉን ከኀፍረት አድኖታል (ዮሐ. 2፥1-11)። እልልታ፣ ጭብጨባና ከበሮ ከእኛ ጋር የኖረ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች አውርሶናል። እንግዲህ ጥያቄው «እንደሰት ወይስ አንደሰት» አይደለም። ጥያቄው «በደስታችን ቀን ማንን ጠራን? ማንንስ ውጭ አስቀረን?» የሚለው ነው።

እስቲ አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። በአንድ የጥር ወር ሙሽሮች በተክሊል ሲጋቡ ከካህናቱ ጋር አገልግያለሁ። ጠዋት ሥጋውን ደሙን ተቀበሉ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ማታ ወደ ድንኳኑ ስንሄድ ግን ሌላ ነገር ጠበቀን። ኪቦርድ ተጫዋቹና ዘፋኞቹ ከጎንደር በኮንትራት መኪና መጥተዋል። ድምፅ ማጉያው እንደ ግድግዳ ተደርድሯል። የአገራችን ዘፈን ሲያልቅ የማዶው የሱዳን ዘፈን ይከተላል። የሙሽራዋ አባት ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ብር እየመዘዙ በዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጥፋሉ። ዘፋኙም ስማቸውን እየጠራ ያወድሳቸዋል፤ ስማቸው በተጠራ ቁጥር ብሩ ይጨምራል።

ልወጣ ስል በድንኳኑ በር አንድ ልጅ ቆሟል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ወባ ይዞት ከርሞ ፊቱ ገርጥቷል። «ዲያቆን፣ እባክህ ጋሼን ንገርልኝ፤ የቀረችኝን ሒሳብ ሰጥተውኝ አገሬ ልግባ» አለኝ። ተመልሼ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሙዚቃው ስለሚጮኽ ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ሠርጌ ነው፤ አሁን እጄ ላይ የለም፤ ሌላ ቀን ይምጣ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ለዘፋኙ የሚለጥፉት ብር በእጃቸው ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ምንም። የበላሁበትን ቤት ማስቀየም ፈራሁና ልጁን «ነገ ና» ብዬ ሸኘሁት። በነጋው አልመጣም። ዛሬም ድረስ የት እንደ ደረሰ አላውቅም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ለራሴም ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ የአጫጆችን ደመወዝ የያዙ ባለጠጎችን ሲገሥጽ፣ የተያዘው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ የአጫጆቹም ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ይነግረናል (ያዕ. 5፥4)። ይህን ቃል እኛ የቆላ ሰዎች ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባ ነበር። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛውን ለምነን እናመጣዋለን። እርሱም በዚያ ሙቀት፣ ወባና ካላዛር ባለበት በረሃ ያጭድልናል። ሰሊጡ ከገባ በኋላ ሒሳቡን ይዘን ድምፅ ማጉያ ብንከራይ፣ ማጉያው የቱንም ያህል ቢጮኽ ያንን ጩኸት አይሸፍነውም።

አባቶቻችን ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩት ዛሬ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተደረገው የሎዶቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች ሠርግ ሲጠሩ ከጭፈራ ርቀው በሥርዓት እንዲመገቡ፣ ካህናትም ተጫዋቾች ከመግባታቸው በፊት ተነሥተው እንዲወጡ ወስኗል (ቀኖና 53 እና 54)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የቆላስይስን መልእክት ሲተረጉም ለሠርግ ዘፋኝና ጨፋሪ የሚያመጡትን ገሥጾ፣ በእነርሱ ፈንታ ክርስቶስን እንዲጠሩ፣ ስለ ክርስቶስም ድሆችን እንዲጋብዙ አስተምሯል።

ይህን ስንል ግን ዘፋኙን እንናቅ ማለታችን አይደለም። «አዝማሪ» እና «መዝሙር» የሚሉት ቃላት ሁለቱም «ዘመረ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። እርሱም ለልጆቹ እንጀራ የሚፈልግ ወንድማችን ነው። ጠርተን ከፍለን ያመጣነው እኛ ነንና ወቀሳው ከእኛ ይጀምር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ሦስት ነገር እናድርግ። መጀመሪያ የሰው ሒሳብ በእጃችን ካለ እንክፈል። ሠራተኛው አገሩ ገብቶ ከሆነም አፈላልገን እንላክለት። ሁለተኛ፣ በመጪው ሰሊጥ ተበድረን የአንድ ማታ ሙዚቃ አንከራይ፤ ለልጆቻችን ጎጆ መውጫ ዕዳ አናውርሳቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በአጥቢያችን አሉ፤ ከበሯቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እልልታውም ከእኛው ነው። ሦስተኛ፣ ከድንኳኑ ውስጥ ለድሀው ቦታ እንተውለት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ስንቱ ባዶ እጁን እንደ ገባ አይተናል። ከእነርሱ አንዱ በሠርጋችን ቀን ቢጠግብ ምን ይጎድልብናል?

በጾማችን ስድስተኛ እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ጌታው ከአገልጋዮቹ ሒሳብ ሲቀበል እንሰማለን (ማቴ. 25፥14-30)። እኛም እንጠየቃለን። ያን ቀን ስማችንን የሚጠራው ዘፋኙ አይደለም።

በቃና ሠርግ የተገኘ አምላክ በቤታችን ይገኝልን። የልጆቻችንን ጋብቻ ይባርክልን፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።