ሮባ እና ዝናቡ

ሐረር ውስጥ በር እንኳ አንድ ስም ብቻ የለውም። ከጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች መካከል ምዕራባዊውን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል፤ በአማርኛ ሸዋ በር ነው። ሰሜናዊው አሱም በሪ፣ ፈላናም ይባላል። ከተማዋ ራሷ በሐረሪዎች ቋንቋ «ጌይ» ናት። አንዱን ስም የጠራ ሌላውን አይሰርዝም። መታወቂያ ላይ ግን የስም ቦታው አንድ ነው።

አባቴ ሲወለድ ሮባ ተባለ፤ በኦሮምኛ ዝናብ ማለት ነው። ከገጠር መጥቶ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ አስተማሪው «ይሄማ ለመጥራትም አይመች» ብሎ ዝናቡ ብሎ ጻፈው። ትርጉሙ ያው ነው እኮ፣ ምን ጎደለ? ልትሉኝ ትችላላችሁ። የጎደለችው አያቴ ነች። ስሙን ያወጣችው እሷ ነበረች፣ እስክትሞትም ሮባ እንዳለችው ነው። እኔ ግን የዝናቡ ልጅ ሆኜ አደግሁ።

ስም መቀየር በራሱ ውርደት አይደለም። ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ በ1884 ዓ.ም. የተወለዱት ተፈሪ መኮንን፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። የድሮ ስማቸውም አልጠፋም፤ ራስ ተፈሪያን እስከ ዛሬ የሚጠሩት በእሱ ነው። የንጉሡና የአባቴ ልዩነት ምንድን ነው? ንጉሡ በተፈሪነታቸው ቢቀጥሉ ዘውዱን የሚነጥቃቸው አልነበረም። አባቴ «እምቢ፣ ሮባ ነኝ» ቢል ግን ደብተሩን ይዞ ወደመጣበት ይመለስ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ፕሩሺያ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣችው ድንጋጌ፣ ዜግነት የሚፈልጉ አይሁዶች ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዘች። በኋላ «ኮን» የሚለው ስም መሳለቂያ ያደረጋቸው ቤተሰቦች እንዲቀየርላቸው ማመልከት ጀመሩ። ክፍለ ዘመኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ግን ፈቃድ ማግኘቱ እየከበደ ሄደ፤ መንግሥት አይሁድነታቸው ከስማቸው እንዲታወቅ ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ናዚዎች ጭራሽ፣ ስሙ እነሱ ካወጡት የአይሁድ ስሞች ዝርዝር ውስጥ የሌለ ወንድ «እስራኤል»፣ ሴት ደግሞ «ሳራ» የሚል እንዲጨምሩ አስገደዱ።

እኛ ጋ «ቀይር» ተባለ፣ እዚያ «አትቀይርም»። ትእዛዙ ቢለያይም፣ በሁለቱም ቦታ የስሙ ባለቤት አልተጠየቀም። ስለዚህ ነገሩን እንዲህ መመዘን ጀመርኩ፦ ስም መቀየር ነፃ ምርጫ የሚሆነው፣ ባለመቀየር የሚከፈል ዋጋ ሳይኖር ነው። «ስሙን ካደ» እያልን የምንወቅሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን የከፈለው እንጂ የተመነው አይደለም።

ይህን ይዤ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ቆረጥኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ስሙን በፍርድ ቤት እንዲያስቀይር ይፈቅዳል። ዝናቡን አስወጥቼ ሮባን ላስገባ ማመልከቻ ጻፍኩና ለአባቴ አነበብኩለት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

ዝም ብሎ ሰማኝና «ሮባን ሳይጠይቁኝ ወሰዱብኝ» አለ። «አንተ ደግሞ ዝናቡን ሳትጠይቀኝ ልትወስድብኝ ነው?»

መልስ አጣሁ። በዝናቡ ተምሯል፣ እናቴን አግብቷል፣ ዕድሩ የሚያውቀው በዝናቡ ነው። ስሙ በግድ የተሰጠው ቢሆንም፣ አርባ ምናምን ዓመት የኖረበት ግን እሱ ነው። እኔ ፍትሕ ያልኩት ነገር እሱ ዘንድ ሲደርስ ሌላ አስተማሪ፣ ሌላ መዝገብ ሆነ። ደግሞስ እምቢ ቢለኝ በልቤ «ፈሪ» ልለው አልነበር? ያም ዋጋ ነው።

ማመልከቻውን አጠፍኩትና ከመጀመሪያው ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅሁት፦ «አባዬ፣ ማን ብዬ ልጻፍህ?»

ሳቀ። «ጊዜ ስጠኝ» አለኝ። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»