ዋጋና ክብር፦ በ1,375 ዶላር ስለ ተገዛው ፈረስ

አንድን ነገር ርካሽ ነው ወይም ውድ ነው ስንል ስለ ነገሩ ስለ ራሱ ምን መናገራችን ነው? ጥያቄው ነጋዴዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ነገር ግን የሥነ ምግባር መምህራን ከጥንት ጀምሮ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ቅዱስ አውጎስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተሰኘው መጽሐፉ በ11ኛው ክፍል፣ ፍጥረታት በተፈጥሮ የተሰጣቸው ማዕረግ አንድ ነገር፣ ሰዎች እንደ ጥቅማቸው የሚሰጧቸው ግምት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ያስረዳል። ለማስረጃም የጠራው ፈረስን ነው፤ በገበያ ላይ ፈረስ ከባሪያ፣ ዕንቁም ከገረድ በልጦ እንደሚሸጥ ያሳስባል። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ ሲጽፍ ይህንኑ የአውጎስጢኖስን ፈረስ መልሶ አንሥቶታል።

እኛም በበኩላችን በዘመናችን የኖረ አንድ ፈረስ እናነሣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ሀገር ክዊንቢያን በምትባል ከተማ ጆ ጃኒያክ የሚባል የታክሲ ነጂ ነበር። በታክሲው ሥራ ላይ ጥቂት ፈረሶችን ያሠለጥን ነበር፤ መኖሪያውም በእሽቅድምድም ሜዳው አጠገብ የቆመ ተጎታች ቤት ነበር። ይህ ሰው በ2003 በጨረታ አንድ የቶሮብሬድ ዘር ፈረስ ገዛ። የከፈለው ገንዘብ ከነግብሩ 1,375 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ፈረሱ በ1999 የተወለደ ሲሆን ስሙ ቴክኦቨር ታርጌት ነው። አባቱ ሴልቲክ ስዊንግ በ1995 የፈረንሳይን ደርቢ ያሸነፈ ስመ ጥር ፈረስ ነበር። ልጁ ግን የእግሩ ጤንነት አጠራጣሪ ሆኖ አንድም ጊዜ ለውድድር አልቀረበም። በዚያም ላይ የተኮላሸ ነው፤ ይህም ማለት ዘር ስለማይሰጥ፣ ካልሮጠ በገበያ ሚዛን ላይ ምንም የለውም ማለት ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። ይህ ፈረስ ያደረሰበት ቦታ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። በ2004 ውድድር ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ሩጫዎች በተከታታይ አሸነፈ፤ ሰባተኛው በሜልበርን ከተማ በፍሌሚንግተን ሜዳ የተካሄደው የሳሊንጀር ውድድር ነበር። በሰኔ 2006 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ ንግሥቲቱ ራሳቸው በሚገኙበት በሮያል አስኮት የ1,000 ሜትሩን የኪንግስ ስታንድ ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት በጃፓን በናካያማ የስፕሪንተርስ ስቴክስን ድል ወሰደ፤ በ2008 ደግሞ በሲንጋፖር አሸነፈ። ጃኒያክ ገና ብዙ ስም ላልነበረው ለወጣቱ ጋላቢ ለጄይ ፎርድ ታማኝ ሆኖ በእንግሊዝም በጃፓንም እርሱን አስቀምጦ ነው ያሸነፈው። በጠቅላላው 41 ጊዜ ሮጦ 21 ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ያስገኘው ገንዘብ ከ6 ሚልዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ከቅዱስ ቶማስ ጋር ጥቂት እንቆይ። ሻጭ የዕቃውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበትን? ሲል የሰጠው ምሳሌ አንካሳውን ፈረስ ፈጣን ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ይህ ኃጢአት ነው። ጉድለቱ ለሁሉ የሚታይ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይና ቢሆን፣ ሻጩም በዚያው መጠን ዋጋውን ከቀነሰ፣ ዝም ቢል አይኰነንም። እንግዲህ በዚህ ሽያጭ የእግሩ ነገር አልተሰወረም፤ ዋጋውም የወረደው ስለዚሁ ነው። ሻጩ አላታለለም።

ገዢውስ? ቅዱስ ቶማስ ሌላም ነገር ተናግሯል፦ ወርቅን ናስ መስሎት የሸጠ ሰው ቢኖር፣ ይህን እያወቀ የገዛው ሰው ልዩነቱን ሊመልስ ይገባዋል። ታዲያ የታክሲ ነጂው ወርቅ በናስ ዋጋ ገዝቷልን? እኔ አይመስለኝም። ወርቁ በሚሸጥበት ሰዓትም ወርቅ ነው፤ ገዢው ቢያክመውም ባያክመውም አይለወጥም። የፈረስ ፍጥነት ግን በአካሉ ውስጥ እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፤ ታክሞ፣ ታግሦ፣ ቀስ ብሎ ካልተገራ እንደ ተዳፈነ ይቀራል። በጨረታው ዕለት ሻጩም ገዢውም አላወቁትም፤ ያላወቁትን ደግሞ አንዱ ከሌላው ሊሰርቀው አይችልም። ደግሞስ ያ ፈረስ በሁለተኛው ሩጫ ላይ እግሩ ተሰብሮ ቢሆን፣ ጃኒያክ ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችል ነበርን?

የገበያ ግምት በሌላውም አቅጣጫ ይስታል። በየካቲት 2006፣ የክዊንቢያኑ ፈረስ ወደ እንግሊዝ ከመሻገሩ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በአሜሪካ በፍሎሪዳ አንድ የሁለት ዓመት ፈረስ በ16 ሚልዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። ግሪን መንኪ ይባላል። ከሽያጩ በፊት በተደረገው ማሳያ የማይልን ስምንተኛ ክፍል፣ 200 ሜትር ያህል ማለት ነው፣ በ9.8 ሰከንድ ስለ ሮጠ የባለጸጎች ዓይን ሁሉ ዐረፈበት። በኋላ ሦስት ጊዜ ተወዳደረ፤ አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ ያስገኘውም 10,440 ዶላር ብቻ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2418፣ ለሰው ልጅ ሥቃይ ማቃለያ መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማባከን የማይገባ መሆኑን ያስተምራል፤ ስለ 16 ሚልዮኑ ከዚህ የሚበልጥ ነገር መጨመር አያስፈልገኝም።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ደስ ይለዋል። ለምን? «የተናቀው ከበረ» ስለምንል ነው። ነገር ግን የከበረበትን መለኪያ እንመርምር፦ 6 ሚልዮን ዶላር! በ1,375 ዶላር የናቀው ገበያ ነበር፤ በ6 ሚልዮን ያከበረውም ያው ገበያ ነው። እኛም በሁለተኛው ፍርድ ስንደሰት ዳኛውን አልለወጥነውም። በዚያው ዓመት በርካሽ ተሸጠው፣ ሮጠው የተሸነፉት ወይም ከነጭራሹ ያልሮጡት ፈረሶችስ? በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ ለልጆች የምንነግራቸው ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ ድሃ ነበር፣ ተማረ፣ ሐኪም ሆነ። ታሪኩ እውነት ነው፤ መልካምም ነው። ግን በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ ሐኪም የማይሆነው ልጅ ከዚህ ታሪክ ስለ ራሱ ምን ይማራል? በአማርኛችን «ዋጋ» የምንለው ቃል የዕቃውንም ተመን፣ የድካምንም ብድራት ያመለክታል፤ ምናልባት ሁለቱን የምናደባልቀው በቋንቋው ምክንያት ይሆናል፤ ነገር ግን ቋንቋውን ብቻ መክሰስ ተገቢ አይደለም።

በቁጥር 2416 ላይ ደግሞ፣ እንስሳት በመኖራቸው ብቻ ፈጣሪያቸውን እንደሚያመሰግኑና እንደሚያከብሩ ተጽፏል። በማሸነፋቸው አላለም፤ በመኖራቸው እንጂ። እንስሳ እንዲህ ከሆነ፣ በእግዚአብሔር አርአያ ስለ ተፈጠረው ሰው ምን እንላለን?

የዚህን ፈረስ ታሪክ የሚያደምቁ ሰዎች አንዱን ምዕራፍ በፍጥነት ያልፉታል። በታኅሣሥ 2006 ለሆንግ ኮንግ ውድድር ሻ ቲን ሜዳ በደረሰ ጊዜ፣ በቅድመ ምርመራው በአካሉ ውስጥ የተከለከለ የሆርሞን መድኃኒት ተገኘ። ከውድድሩ ታገደ፤ አሠልጣኙ 200,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር ተቀጣ፤ የአንድ ሚልዮን የአሜሪካ ዶላር ተጨማሪ ሽልማት ተስፋም በዚያው ቀረ። ሰው ሳያታልል ደንብ ሊጥስ ይችላል፤ ሕሊና የሚጠይቀው ስለ አሳብ ነው፣ ደንብ የሚጠይቀው ስለ ደሙ ናሙና ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከፈረሱ ጋር የሚሮጡት ሌሎቹ የባለቤቱን ልብ ሊያዩ አይችሉምና፣ ቅጣቱ ትክክል ነበር እላለሁ። ደግሞም መድኃኒቱን ልውሰድ ወይስ አልውሰድ ብሎ ያልተጠየቀው ፈረሱ ብቻ ነበር።

የመጨረሻውን ሩጫ በሐምሌ 2009 በእንግሊዝ አገር በኒውማርኬት ሮጠ። ከዚያ በኋላ በመስክ ላይ ተለቀቀ። ዘር የማይሰጥ፣ የማይሮጥ፣ ፈቃጅ ገዢም የማይገኝለት ፈረስ ሆነ፤ ወደ 1,375 ዶላር እንኳ የሚመልሰው አልነበረም። በ2015 በመስኩ ላይ ሳለ እግሩ ተሰበረ። ፈረስ በሦስት እግሩ ቆሞ ክብደቱን ለረጅም ጊዜ ሊሸከም ስለማይችል፣ እንዲህ ያለው ስብራት አብዛኛውን ጊዜ አይድንም፤ ሥቃዩ እንዳይረዝም በሐኪም እጅ አረፈ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት አንድ ሳንቲም አላስገባም፤ መኖ ግን በየቀኑ ይቀርብለት ነበር።