ልሂድ ወይስ ልቅር?

«ፈሪ ለእናቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ታዲያ ትናንት ቦምብ ወደ ፈነዳበት ከተማ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» እያለ የሚያወጣ የሚያወርድ ሰው፣ እውነት ፈሪ ነው? እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ማታ፣ የስፔንና የሆላንድ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እየታየ ሳለ፣ አልሸባብ ካምፓላ ውስጥ ባደረሰው ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። ጥቃቱ የደረሰው በአንድ የራግቢ ክለብና «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» በሚባል የሀበሻ ምግብ ቤት ነበር። ያን ሰሞን አንድ የማውቀው ወጣት፣ እዚያው ከተማ የምትኖር አራስ እህቱን ሊጠይቅ ቲኬት ቆርጧል። እናቱ «ምን ሲደረግ!» አሉ። ጓደኞቹ ደግሞ «ብትቀርማ የፈለጉትን አደረግህላቸው፤ ሂድና አሳያቸው!» አሉት።

ለእኔ ሁለቱም ወገን ጥያቄውን የሳተ ይመስለኛል።

ፍርሃት መጥፎ ሚዛን ነው፤ አደጋን የሚለካው በቁጥር ሳይሆን በጩኸቱ ነው። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በእኛው እንቁጣጣሽ ዕለት፣ አሜሪካ ስትመታ ብዙ ሰው አውሮፕላን ፈርቶ መኪና መንዳት መረጠ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገሬንዘር፣ በተከታዩ አንድ ዓመት በዚሁ ሰበብ 1,500 ያህል ሰዎች በመኪና አደጋ እንደሞቱ ገምቷል። ከሰማይ የሸሸውን አስፋልት በላው! እኛስ በሚኒባስ ከከተማ ከተማ ስንከንፍ መቼ «ልቅር ይሆን?» ብለን እናውቃለን?

ፉከራውም ቢሆን አያዋጣም። ሰው ያለቀበት ከተማ የጀግንነት መታያ መድረክ አይደለም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ገጸ ባሕርይው ደፋር ነው ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ለማን ብሎ?» በሉ እላቸው ነበር። እዚህም ያው ነው። የምትሄደው ለሽርሽር ከሆነ፣ ቅር፤ አያሳፍርም። እናትህ እንቅልፍ አጥተው የሚያድሩበት ሌሊት ከሽርሽርህ ይበልጣል። አራስ እህት የምትጠብቅህ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሷ ሕፃን ታቅፋ ፍንዳታውን የሰማች ናት፤ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የማለት ዕድል እንኳ አላገኘችም። አንተ ስትቀር እሷ ፍርሃቷን ብቻዋን ትሸከማለች።

ይህን ለእናትየው አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «የገንፎ እህሉን ማን ያደርስላታል ታዲያ?» አሉ።

እርግጥ ነው፣ ያልጠረጠረ ይመነጠራል። የሚሄድ ሰው ግርግር ይሽሽ፤ እንደደረሰም ይደውል። ግን ከመወሰኑ በፊት «ምን ይደርስብኛል?» ከሚለው ቀጥሎ «ማን ይጠብቀኛል?» ብሎ ይጠይቅ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ጠይቀን ነው የምንተኛው።