አዳኙን ያደነው አዳኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ዛሬ መስከረም 27 ነው። መስቀልን ካከበርን ዐሥር ቀን ሆኖናል፤ ወርኀ ጽጌን ከጀመርን ደግሞ ሁለተኛ ቀናችን ነው። ስንክሳራችን በዚህ ዕለት የሚያነሣው ሰማዕት ከእኛው ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ጋር በስም ሞክሼ ነው እንጂ ሌላ ነው። የሮማ የጦር አለቃ ነበር። ጌታችን ያገኘውም አደን ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ስለ አደን ይሆናል። «ቀንና ሌሊት በሰው ቤት የምንሠራ እኛ ከአደን ጋር ምን አለን?» እንዳትሉ፤ ታገሡኝና አብረን እንይ።

በሰሜን አሜሪካ ጠመንጃ ሞልቶ ሳለ ዛሬም እንደ ጥንቱ በእንጨት ቀስት ዋላ የሚያድኑ ሰዎች አሉ። ከሁሉ የሚከብደው የአደኑ ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። ቅጠሉ ረግፏል፤ መደበቂያ የለም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ቀኑም አጭር ነው። እስከዚያ ድረስ የተረፈው ዋላ ስንቱን አዳኝ አምልጦ የተረፈ ነውና ኮሽታ ከሰማ አይመለስም። እንዲህ ባለው ቀስት በርግጠኝነት ለመምታት ዋላው ሃያ ሜትር ያህል መቅረብ አለበት። ስለዚህ አዳኙ ነፋሱ ከዋላው በኩል ወደ እርሱ በሚነፍስበት ቦታ ይቀመጣል፤ ጠረኑ ከደረሰው ዋላው አይመጣምና። ጎሕ ሳይቀድ ገብቶ እስኪመሽ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። ብዙውን ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል። በማግሥቱ ደግሞ ይሄዳል።

ወገኖቼ፣ ይህ የእኛ ኑሮ አይደለምን? እኛም ከአገራችን የወጣነው ለአደን ነው፤ እንጀራ ልናድን። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ሲመሽ እንተኛለን። «ይህ ውል ይለቅና እመለሳለሁ» እንላለን፤ ውሉ ሲያልቅ «አንድ ዓመት ብቻ ልጨምር» እንላለን። ወቅቱ እያለቀ፣ ዕድሜያችን እየመሸ፣ እኛ ግን ገና ቀስታችንን ገትረን እንጠብቃለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አንድ ባለ ቀስት አዳኝ ይነግረናል፤ ዔሳው ይባላል። ይስሐቅ አርጅቶ ዓይኖቹ በፈዘዙ ጊዜ የበኩር ልጁን ጠርቶ የፍላጻ አፎቱንና ቀስቱን ይዞ ወደ ሜዳ እንዲወጣ፣ አድኖ የሚወደውን መብል እንዲያዘጋጅለትና ሳይሞት እንዲባርከው ነገረው (ዘፍ. 27)። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አደን መውጣቱ ኃጢአት አልነበረም። የላከው አባቱ ነው። እንጀራ ፍለጋ መሰደድም ኃጢአት አይደለም። ወርኀ ጽጌ የምንጾመው እኮ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብጽ የተሰደደችበትን እያሰብን ነው። ጌታችን ራሱ ስደተኛ ሕፃን ነበረ። ማንም «ለምን ወጣችሁ?» ብሎ አያሳፍራችሁ።

ታዲያ ዔሳው ምን አጠፋ? ቀስቱ ስቶ ነውን? አልሳተም። ያደነውን ይዞ መጣ፤ መብሉንም አዘጋጀ። የሄደበትን ሁሉ አሳክቷል። ነገር ግን ሲደርስ ያዕቆብ ተባርኮ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ዔሳው እጅግ ታላቅና መራራ ጩኸት ጮኸ፤ አባቱን «ሌላ በረከት የለህምን?» እያለ ለመነ፤ አለቀሰም።

ብዙ ሰው ዔሳው በዚያ ቀን ዘገየ ብሎ ያስባል። የዘገየው ግን በዚያ ቀን አልነበረም፤ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በምስሩ ቀን ነው። ያን ጊዜም ከሜዳ መጥቶ ነበር፤ ደክሞትና ርቦት ነበር። ለአንድ ሳሕን የምስር ወጥ ብሎ ብኩርናውን ሸጠ። ከዚያም በላ፣ ጠጣ፣ ተነሣ፣ ሄደ ይላል ኦሪት (ዘፍ. 25)። አላለቀሰም። ምን እንደ ሸጠም ዞር ብሎ አላየም። ሰው የሸጠውን ነገር ዋጋ የሚያውቀው ሊጠቀምበት በፈለገ ቀን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለዕብራውያን ሲጽፍ በዔሳው ምሳሌ የሚያስጠነቅቀን ለዚህ ነው (ዕብ. 12)።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እኅታችን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እንድናገረው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ያለችበትን ግን አልናገርም። «አባ፣ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ አሁን ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቤት ሠርቻለሁ። ወንድሜን አስተምሬያለሁ። ልጄ ግን እማዬ የምትለው እናቴን ነው፤ እኔን በስሜ ትጠራኛለች። ከቆረብኩ ስንት ዓመቴ እንደ ሆነ እንኳ ረሳሁት። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ አባ፤ እኔ ግን የለሁም» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ የቤቱ ሰዎች እንዳይሰሟት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህች ልጅ ቀስቷ አልሳተም። የሄደችበትን ይዛለች። ነገር ግን እንደ ዔሳው በር ላይ ቆማ «ሌላ በረከት የለምን?» ትላለች። ምን ልመልስላት? ስንክሳሩን ገለጥሁ፤ መልሱንም ዛሬ በምናከብረው አዳኝ ሕይወት ውስጥ አገኘሁት።

ቅዱስ ኤዎስጣቴዎስ ከመጠመቁ በፊት ፕላኪዳስ ይባል ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው በሮማው ንጉሥ በትራጃን ዘመን የነበረ የጦር አለቃ ነው። ትራጃን እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቈጣጠር ከ98 እስከ 117 ዓ.ም. የነገሠ ነው። ፕላኪዳስ እግዚአብሔርን አያውቅም፤ ጣዖት ያመልካል፤ ነገር ግን ለድሆች የሚመጸውት ርኅሩኅ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከወታደሮቹ ጋር ለአደን ወጣ። አንድ ትልቅ ዋላ አየና ባልንጀሮቹን ትቶ ብቻውን ተከተለው። ዋላው ሮጠ፤ እርሱም ሮጠ። በመጨረሻ ዋላው ዐለት ላይ ወጥቶ ዞረና ቆመ። ፕላኪዳስ ቀና ብሎ ሲያይ በዋላው ቀንዶች መካከል የመስቀል ምልክት ሲያበራ ተመለከተ። ጌታችንም ተናገረው። ምጽዋቱ በፊቱ እንደ ደረሰችለት፣ ሊያድነውም እንደ መጣ ነገረው። ሄዶ እንዲጠመቅ አዘዘው። ብዙ መከራ እንደሚያገኘውም አልደበቀውም።

ወገኖቼ፣ በቋንቋችን ውስጥ ያለውን ምሥጢር ተመልከቱ። አውሬ የሚከተለውን ሰው «አዳኝ» እንለዋለን። ከሞት የሚያወጣውንም «አዳኝ» እንለዋለን። በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በንባብ ብቻ ነው። ፕላኪዳስ አዳኝ ሆኖ ከቤቱ ወጣ፤ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ታድኖ ነው። ዋላውን የተከተለ መስሎት ነበር፤ ለካ እርሱን የሚከተለው መድኃኔዓለም ነበረ። ጌታችን እንደዚያ እንደ ትዕግሥተኛው ባለ ቀስት ነው። አያስደነግጠንም፤ እስክንቀርብ ይጠብቃል። ባዶ እጁን ብንመልሰው በማግሥቱ ደግሞ ይመጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሰው አዳኝ ደም የሚያፈስሰው የታደነውን ነው፤ የእኛ አዳኝ ግን ያፈሰሰው የራሱን ደም ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተለይ እናንተ የባሕር ማዶ ልጆች በጥሞና ስሙ። ኤዎስጣቴዎስ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ተጠመቀ። ሀብት በሀብት ላይ ተጨመረለት ወይ? አልተጨመረለትም። አገልጋዮቹን አጣ፤ ከብቱን አጣ፤ ንብረቱን አጣ። ያ የተከበረ አለቃ ከሰው ዓይን ለመሸሽ ቤተሰቡን ይዞ በሌሊት ተሰደደ። በመርከብ ተሳፈሩ። የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው የመርከቡ አለቃ ሚስቱን በዋጋ ፈንታ ያዘበት። ሁለቱን ልጆች ይዞ ወንዝ ሊያሻግር ሲል አንዱን አንበሳ፣ ሌላውን ሌላ አውሬ ወሰደበት። መካከል ላይ ብቻውን ቀረ። ከዚያም በማያውቀው መንደር የሰው እርሻ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ።

ሠራዊት ያዘዘ ሰው የሰው ማሳ ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። ሚስቱ የት እንዳለች አያውቅም። ልጆቹ የሞቱ መስሎታል። ይህን ታሪክ እዚህ አገር ያለ ሰው ሲሰማው ተረት አይመስለውም፤ ጎረቤቱን ያስታውሰዋል።

ነገር ግን ኤዎስጣቴዎስ ያልሸጠው አንድ ነገር ነበረው። ዔሳው ለምስር የሸጠውን እርሱ በረኃብ ውስጥ ሆኖ ጠበቀው። በጥምቀት የተሰጠውን ስም አልመለሰም። ያየውን መስቀል አልካደም።

ዋላ እንደ በሬና እንደ ፍየል አይደለም። በሬ ቀንዱ ከተሰበረ ተሰበረ ነው። ዋላ ግን በየዓመቱ ቀንዱን ይጥላል፤ ያ ያማረ ቀንዱ የአደን ወቅት ካለቀ በኋላ በብርዱ ወራት ይወልቅና መሬት ላይ ይቀራል። ያየው ሁሉ ክብሩ አለቀ ይላል። ከዚያ ግን ደግሞ ያበቅላል። የኤዎስጣቴዎስ ክብሩ ወለቀ፤ ሥሩ ግን በሕይወት ነበረና ደግሞ በቀለ። ንጉሡ አስፈልጎ ወደ ማዕረጉ መለሰው። ልጆቹን ሰዎች ከአራዊት አስጥለው አሳድገዋቸው ነበር፤ ወታደሮች ሆነው በአባታቸው ሠራዊት ውስጥ ሳያውቁት ገቡ። ሚስቱንም እግዚአብሔር ጠብቆ አቈይቶለት ነበር። አራቱም ተገናኙ፤ ተላቀሱም። ኋላም ከ117 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሠው ሐድርያን ለጣዖት እንዲሠዉ ባዘዘ ጊዜ አራቱም እምቢ አሉ፤ በጋለ ናስ ውስጥ ሆነው አብረው በሰማዕትነት ዐረፉ። መከራ ለይቷቸው ነበር፤ ሞት ግን ሊለያቸው አልቻለም።

እንግዲህ ለእኅቴ የመለስኩላትን ለሁላችሁም ልንገራችሁ። ልጄ፣ ለዔሳው አባቱ አንድ በረከት ነበረው፤ ሲሰጥ አለቀ። የመድኃኔዓለም በረከት ግን አያልቅም። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ቀኑ ሊመሽ ሲል መጣ፤ ገባም። አንቺም በሕይወት ሳለሽ አልዘገየሽም። ነገር ግን «ነገ» አትበዪ፤ የአደኑ ወቅት መቼ እንደሚዘጋ ማንም አልነገረንምና።

ዋላው ዞሮ እንደ ቆመ እኛም በቀን አንድ ጊዜ ዞረን እንቁም። ከመተኛታችን በፊት ስልኩን አስቀምጠን ዐሥር ደቂቃ በመድኃኔዓለም ፊት እንሁን። ቤተ ክርስቲያን የማያስኬድ ቤት ውስጥ ያላችሁ፣ የማድ ቤቷ ጥግ ትበቃችኋለች። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የቻለ ይጹም፤ ሥራው የማያስችለው ስደቷን እያሰበ ይጸልይ። የተለያየ ችግር አጋጥሟችሁ በሌላ ስም የምትጠሩ ልጆች አላችሁ፤ ማተባችሁን አውልቃችሁ በሻንጣ የደበቃችሁም አላችሁ። እግዚአብሔር የጠራችሁ በክርስትና ስማችሁ ነው፤ እርሱ አልረሳውም፤ እናንተም አትርሱት። ንስሐ አባት የሌላችሁ ዛሬ ጠይቁ፤ ርቀት ቢኖርም መንገድ አይጠፋም። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ገንዘቡን ብቻ አትላኩ፤ ድምፃችሁንም ላኩ። አብራችሁ «አቡነ ዘበሰማያት» በሉ። ያቺ እኅቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ማታ ከልጇ ጋር በስልክ ትጸልያለች። ልጅቱ እስካሁን በስሟ ነው የምትጠራት። ግን «ነገም ደውዪ» ብላታለች።

አዳኛችን ሆይ፣ ስንሸሽህ ያልተውኸን፣ ከዋላው ቀንድ መካከል ፕላኪዳስን የጠራኸው፣ እኛንም በያለንበት ጥራን። የተለያየውን ሰብስብ፤ የጠፋውን ፈልግ፤ የደከመውን ደግፍ። የሰማዕቱ የቅዱስ ኤዎስጣቴዎስ ጸሎትና በረከት፣ የስደተኛዋ እናታችን የድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።